የቁርጭምጭሚት ልክ

የአንድ ጥቁር ኮት ገበር እየተረተርኩ ነበር። ክሩ ስላረጀ የመቀሱ ጫፍ ገና ሲነካው ይበጠሳል። ብጥስጣሹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጉልበቴ ላይ ባነጠፍኩት ጨርቅ አጠራቅማለሁ፤ አክስቴ መሬት ላይ ክር ማየት አትወድም። በበሩ መስታወት በኩል ታክሲ ሲቆም አየሁ። አባቴ ወረደ። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ከልብስ ስፌት ሱቃችን በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሰላም ሳይለን የእጁን አንጓ አየ። እዚያ ላይ እርምጃ የሚቆጥር የጎማ አምባር አስሯል። ከዚያ በመቁረጫው ጠረጴዛና በትልቁ መስታወት መሃል ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ።

«ምን ጠፋበት?» አለችኝ አክስቴ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ምንም አልጠፋብኝም፣ እታለም። ስምንት ሺህ እርምጃ ካልሞላሁ ይጮኽብኛል።»

«ታዲያ በታክሲ የመጣኸው አምባሩ እንዳይደክመው ነው?»

«ጊዜ የታለና! ከዚህ ወጥቼ ማዕከል ሄጄ በማሽን ላይ አርባ ደቂቃ መራመድ አለብኝ።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። በዓይኗ መሳደብ የምትችል ሴት ናት።

አባቴ የመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። ከሦስት ወር በኋላ ስልሳ ይሞላዋል፤ ስልሳ የሞላው ደግሞ ቦርዱ ሁለት ዓመት ካልጨመረለት ጡረታ ይወጣል። ቦርዱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀጥሮታል። አባቴ ማመልከቻውን ያስገባ ዕለት ቦርዱ የሚያየው ሥራውን ሳይሆን ፊቱን ነው ብሎ ደመደመ። ከባልደረቦቹ አንዱ ስለ ዕድሜ ማደሻ ማዕከል ነገረው። ማዕከሉ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው እርምጃ እንዲጨምር የሚመክሩበት ቤት ስለሆነ አሳንሰር አለው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ጨው ከገበታ ተነሳ። እናቴ በራሷ ሳህን ላይ እንኳ ስትነሰንስ ካገኛት ሌባ እንደያዘ ሰው ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት በረዶ በተጨመረበት ውሃ ይታጠባል፤ ጩኸቱን ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማዋል። ማታ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ ያድሳል ስለተባለ አፉን በፕላስተር ለጥፎ ይተኛል። ከአዲሱ ሥርዓት ሁሉ እናቴ ያልተቃወመችው ይህንን ብቻ ነው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯት ገበያ ወርዶ ዘንቢሉን ይሸከምላት ነበር። አሁን ቅዳሜ የማዕከሉ ቀን ነው። እሱ እዚያ ብረት ያነሳል፣ ዘንቢሉን እሷ ታነሳለች።

መመላለሱን አቁሞ ከቦርሳው በላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጣ። «ነይ እስቲ ይችን አንብቢ» ብሎ ለአክስቴ ሰጣት።

አክስቴ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገች። «የሰውነት ዕድሜ፣ አርባ አንድ። የማን ሰውነት ነው?»

«የኔ ነዋ! በደም ነው የሚለኩት። በሴል።»

«እኔ ስልሳ አራቴ ነው» አለች፣ ወረቀቱን እንደያዘች። «እናታችን የሞተችው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። አንተ አርባ አንድ ከሆንክ ከሞተች በአራት ዓመቷ ነው የወለደችህ። ነፍሷን ይማረውና ጠንካራ ሴት ነበረች፤ እዚህ ድረስ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።»

«እታለም፣ ሳይንስ ነው እኮ።»

«ይችንስ?» በመቀሷ ወደ እኔ ጠቆመች። «ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በስምንት ዓመትህ ወለድካት፣ ማሙሽ?»

ሳቄን ገበሩ ውስጥ ቀበርኩት።

«ቀልድሽን ስትጨርሺ ሙሉ ልብስ ትሰፊልኛለሽ» አለ አባቴ። «ለቦርዱ። ጥቁር ሰማያዊ። ልኬቱን ከደብተሩ ውሰጂው፤ አርባ አንድ ዓመቴ ላይ የሰፋሽልኝን።»

አክስቴ የልኬት ደብተር አላት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ፣ ልብስ ባሰፋ ቁጥር አንድ መስመር፦ ቀኑ፣ ከዚያ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሉት ልኮች በተርታ። የአባቴ ገጽ ከሠርጉ ልብስ ይጀምራል። አክስቴ በጨርቁም፣ በቀለሙም፣ በቁልፉም ትደራደራለች። በዕለቱ ላልተለካ ሰው ግን ጨርቅ አትቆርጥም፤ ለወንድሟም ቢሆን።

«ያኔ ወገብህ ሰማንያ ስድስት ነበር» አለች። «አሁን በዓይኔ መቶ ሁለት ነህ።»

«ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ሰባተኛው ላይ ነኝ። ቦርዱ በሚጠራኝ ሰዓት ሰውነቴ ወደ ድሮው ይመለሳል። ያኔ ልብሱ ቢንቦረቀቅብኝስ?»

«ይንቦርቀቅብህ። እኔ የምሰፋው በሬን ከፍቶ ለገባው ሰውዬ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰፊ ጋ እሄዳለሁ።»

«ሂድ። እሱም ይለካሃል።»

አልሄደም። አርባ አንድ ዓመቱን በጽሑፍ የያዘች ሌላ ልብስ ሰፊ ከየት ያገኛል?

ከወገብ በላይ ያለውን አክስቴ ትለካለች፣ ከወገብ በታች እኔ፤ ጉልበቷ መንበርከክ እምቢ ካላት አራት ዓመት ሆኗል። ሜትሩን ስታዞርበት ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ያዘ።

«ተንፍስ» አለችው። «ቦርዱ ፊት ሳትተነፍስ አትቆምም።»

ተነፈሰ። መቶ ሦስት።

ከዚያ እኔ ተንበረከክሁ። አባቴ የሱሪው እግር ጠበብ ሲል ነው የሚወደው፤ ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱን ሁልጊዜ እንለካለን። ሱሪውን ሰብሰብ አደረግሁት። የካልሲው ጠርዝ ቆዳው ውስጥ ሰምጦ ቀይ ቀለበት ሠርቷል። ሜትሩን አዞርኩ። ሃያ ስድስት ተኩል። ፈትቼ እንደገና አዞርኩ። ሌላውን እግር ለካሁ። ያው ነው። ሜትሩን ሳነሳ አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። እስኪሞላ ድረስ በልቤ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ ደረስኩ።

«ስንት ነው?» አለች አክስቴ።

«ሃያ ስድስት ተኩል።»

«አይደለም። ድገሚው።»

«ደግሜዋለሁ።»

ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና በመጨረሻው ዓምድ ላይ ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች። ወገቡ በየመስመሩ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፣ ደረቱም እንዲሁ። ቁርጭምጭሚቱ ግን ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት ይላል። አሥራ ሁለት ልብስ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ ሦስት።

«የግፊት ክኒንህን እየወሰድክ ነው?» አለች። ቀልዱ ከድምፅዋ ጠፍቷል።

አባቴ የደም ግፊት ከተገኘበት ስምንት ዓመቱ ነው። የእነሱም አባት ግፊት ነበረበት፤ ጫማውን ሊያስር አጎንብሶ ቀና ሳይል ቀርቷል። አባቴ ይህን ሲያይ ገና ተማሪ ነበር፤ ስለዚህ ክኒኑን እንደ ደመወዙ ቀን አይረሳም ነበር። ቢያንስ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

«አስቁመውኛል» አለ፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው። «ኬሚካል ሴል ያስረጃል። በምትኩ የማዕድን ዱቄት ሰጥተውኛል፣ በቀን ሦስት ጊዜ በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ያበጠ የመሰላችሁ ደግሞ አዲስ ሥጋ ነው። አማካሪው ነግሮኛል፤ መታደስ ከታች ነው የሚጀምረው።»

«አማካሪው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«በናንተ አቆጣጠር ገና ጡት አልጣለም ማለት ነዋ። ስማ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ሂድና ተለካ።»

«ከቦርዱ በኋላ። ቦርዱ የጤና ማስረጃ ይጠይቃል። አሁን ግፊት አለበት የሚል ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ከገባ አለቀልኝ። የማስገባው ይችን ነው።» የታሸገውን ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ አምባሩን አየ፣ ታክሲ ሊይዝ ወጣ።

በዚያ ሳምንት ቁርስ ላይ ማንኪያ እየጣልኩ በጠረጴዛው ሥር እግሩን አያለሁ። የካልሲው ቀለበት በየቀኑ ጠለቅ ይላል። እናቴ ክኒኑን ፈጭታ ምግቡ ውስጥ ልትጨምርለት አስባ ነበር። እሱ ግን ሳህኑን በሚዛን ስለሚመዝን ፈራች። እኔም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መናገር አይሆንልኝም፤ ልናገር ያልኩት ሁሉ ጠመኔ ይዤ ስሰምር ነው ትዝ የሚለኝ። ጫማውን ሊያስር ባጎነበሰ ቁጥር ግን እጄ ያለበት ይቆማል።

በሳምንቱ ሊሞክረው መጣ። አክስቴ ኮቱን አልብሳ መስታወት ፊት አቆመችው። ትከሻው ልክክ ብሏል፣ ኮሌታው አንገቱ ላይ ተኝቷል። እጅጌ ግን የለውም። ሁለቱ እጅጌዎች ተሰፍተውና ተተኩሰው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

«እጅጌውስ?»

«የጤና ጣቢያ ወረቀት ስታመጣ ይገባል።»

«እታለም!»

«ካላመጣህ እንዲሁ ለብሰኸው ሂድ። ወጣት አይደለህ? ብርዱን ትችለዋለህ።»

አባቴ ተቆጣ። እጅጌ በሌለው ኮት የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሸሚዙ በሁለት በኩል እንደ ክንፍ ይወራጫል። ቦርሳውን ከፍቶ የታሸገውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ አሳረፈው።

«ወረቀት ወረቀት ትያለሽ፣ ይኸው ወረቀት! ማስረጃ ነው! ማህተም አለው!»

ወረቀቱ እጄ አጠገብ ነበር። ማህተሙን አየሁት። የምትወጣ ጀምበር ናት፣ ዙሪያዋን «ነገ ከዛሬ ያንሳሉ» የሚል ተጽፏል።

«አባዬ» አልኩ። ሁለቱም ዞሩ፤ እዚያ መኖሬን የረሱ ይመስላሉ። «ቁጥሩ የት አለ?»

«የምን ቁጥር?»

«የወረቀቱ ቁጥር። ቀኑስ? የፈረመው ሰው ስምስ?»

አንድ ጊዜ፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የውጤት ካርዴን ቀን አልተጻፈበትም ብሎ ለአስተማሪዬ መልሶ ልኮታል። አንደኛ ወጥቼ ነበር። አባቴ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን አንስቶ ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው። ቁጥር የለም። ቀን የለም። ጀምበሯ ብቻ ታበራለች።

ደብተሩን በገጹ ላይ ከፍቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። «ይሄ ቀን አለው። አሥራ ሁለቱ በአክስቴ እጅ፣ አሥራ ሦስተኛው በኔ እጅ ነው የተጻፈው።» አንዴ ጀምሬዋለሁ። «መዝገብ ቤት እንዲህ ዓይነት ሁለት ወረቀት ቢመጣልህ የትኛውን ታስገባለህ?»

በጣቱ የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ወረደው፤ ልክ እንደ እህቱ። ሃያ ስድስት ተኩል ላይ ጣቱ ቆመ።

«ያንን» አለ ቀስ ብሎ፣ ወደ ጀምበሯ ሳያይ፣ «ለአምጪው እመልሰዋለሁ።»

ኮቱን አወለቀ። አክስቴ ተቀበለችውና ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለችው።

ጤና ጣቢያ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ የሱቅ መስኮት ያየ መሰለ። እያረፈ ነበር።

ነርሷ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ የሰካች ወፍራም ሴት ናት። «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«አባባ አይደለሁም» አለ አባቴ።

«እሺ፣ ወጣቱ። እጅዎን ይስጡኝ።» ለካችው። ፊቷ ተቀየረ፣ ሌላውን እጁን ለካችው። «መቶ ዘጠና አምስት በመቶ አሥራ አምስት። በዚህ ግፊት በእግርዎ መጡ? ዕድሜ?»

አባቴ እኔን አየኝ። «ሃምሳ ዘጠኝ» አለ። ከሁለት ወር ወዲህ ቁጥሩን ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ማዕከሉ ስነግራት ሳቀች፣ ደስታ የሌለው ሳቅ። በዚህ ወር ከዚያ የመጣ አራተኛዋ ነው። ዱቄቱን አምጡ አለች። ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቆርቆሮውን አንዴ ከዓይኗ አራቀች፣ አንዴ አቀረበች፣ ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አገኘቻት።

«ላይኛው ስለ ተራራ ምንጭ ያወራል። ታችኛው ሶዲየም ይላል። ሶዲየም ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጨው ውስጥ ያለው ነው፣ አባባ። ክኒኑን አቁመው በቀን ሦስት ጊዜ ጨው ሲጠጡ ነው የከረሙት።»

የእናቴ ሳህን ትዝ አለኝ። እሱም ትዝ ያለው ይመስለኛል፤ ጆሮዎቹ እስከ ጫፋቸው ቀሉ።

ሐኪሙ ልቡንና ኩላሊቱን አስመረመረው፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምር አለው። ሌላውን ነርሷ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው። ክኒን በየጠዋቱ። ጨው በልክ። ትንፋሽዎ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት በእግር። በጊዜ መተኛት። በየሳምንቱ መጥቶ መለካት።

«ይኸው ነው?» አለ አባቴ፣ እንደተታለለ ሰው።

«ይኸው ነው።»

«አዲስ ነገር የለውም?»

«አዲስ ነገር ከፈለጉ ሁለተኛ ፎቅ ይውጡ።»

ወረቀቱን ሲቀበል መጀመሪያ ያየው ውጤቱን አልነበረም። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የፈረመውን ሐኪም ስም አየ። ራሱን ነቀነቀና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። በዚያው ቀን ከሰዓት እጅጌዎቹን አስገባን።

ማዕከሉ በቀላሉ አለቀቀውም። አባቴ ሱቃችን እያለ አማካሪው ደወለለትና ፕሮግራሙን ካቋረጡ ሴሎችዎ በአንድ ጊዜ ያረጃሉ አለው። አባቴ ስልኩን ይዞ ሲንተባተብ አክስቴ ነጠቀችው። «ያርጁ፣ ልጄ» አለች። «እኛ እንጦራቸዋለን።» ዘጋችበት።

የቦርዱ ዕለት፣ አርብ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሱቃችን መጣ። በእግሩ። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ አንጓው ላይ አምባር የለም፣ ልብሱ ትከሻው ላይ አልተሸበሸበም። አክስቴ ወንበር ገፋ አደረገችለት።

«እሺ?»

«አራት ደቂቃ» አለ። «ቦታው ለኮምፒውተር ተሰጥቷል። ባለፈው ወር ነው የተወሰነው፤ እኔን የጠሩኝ ለፊርማ ነው። የጤናውንም ወረቀት አልከፈቱትም።»

«ፊትህንስ?»

«ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። አንዱ ግን አየኝ።» ትንሽ ቆየ። «ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከኋላዬ ነበር።»

አክስቴ ካውያውን አንስታ ማቆሚያው ላይ አቆመችው።

«በረዶ ውሃ ውስጥ የጮኽኩት ለነዚህ ነው» አለ አባቴ።

«እኛም ሰምተንሃል» አለች አክስቴ። «እግርህን ዘርጋ።»

ተንበረከክሁ። ካልሲው ቆዳው ላይ ስስ መስመር ብቻ ነው የተወው። አውራ ጣቴን አሳርፌ አነሳሁ፤ ሁለት ሳልቆጥር ሞላ። ሜትሩን አዞርኩ፣ ፈታሁ፣ አዞርኩ፣ ሌላውን እግር ለካሁ።

«ሃያ ሦስት ተኩል።»

«ተኩሏ የትዕቢቱ ናት» አለች አክስቴ። «ጻፊያት።»

«ነገ ቅዳሜ ነው አይደል?» አለ አባቴ፣ ካልሲውን ወደ ላይ እየሳበ።

«ነው። ዘንቢል ሰርተፊኬት አይሰጥም ግን፣ ማሙሽ።»

ቀኑን ጻፍኩ፣ ከዚያ በመጨረሻው ዓምድ ቁጥሩን። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አልኩበት። ደብተሩን ዘግቼ ከጠመኔው ሥር መሳቢያው ውስጥ መለስኩት።